ሳተላይትና አደጋ በአዳማ ዙሪያ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምኖረው አዳማ ነው። ሥራዬ ከካርታ ጋር ነው። ክረምት በገባ ቁጥር ከጎረቤት፣ ከተማሪ፣ ከወረዳ ባለሙያ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይመጣልኛል። መልሱን አንድ ቦታ ሰብስቤ ላስቀምጠው ብዬ ነው ይህን የጻፍኩት። ዓመቶቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው፤ በፈረንጅ ሲሆን እ.ኤ.አ. እላለሁ።

ሳተላይት አደጋ ላይ ምን ይጠቅመናል?

ሰፊ ቦታ በአንድ ጊዜ ያያል። አዋሽ ሞልቶ ሜዳው ላይ ሲተኛ፣ ገብቶ ስፋቱን የሚለካ ሰው የለም። መንገዱ ራሱ ተቆርጧል። ሳተላይቱ ግን 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆኖ ከቆቃ እስከ መተሐራ ያለውን አንድ ላይ አንስቶ ያልፋል።

ሌላው ጥቅሙ የቆየውን ማስታወሱ ነው። ላንድሳት የሚባሉት የአሜሪካ ሳተላይቶች ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መሬትን ሲያነሱ ኖረዋል። መተሐራ አጠገብ ያለውን የበሰቃ ሐይቅ በእነዚህ ምስሎች ተከታትላችሁ እዩት። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ትንሽ ኩሬ ነበር ማለት ይቻላል። ዛሬ ከአሥር እጥፍ በላይ ሰፍቷል። የአስፋልቱን መንገድና የድሮውን የባቡር ሐዲድ ያስቸገረው እሱ ነው። እንዲህ ያለ ቀስ ብሎ የሚመጣ አደጋ በዓይን አይያዝም። በምስል ግን ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

ክረምት ሰማዩ ደመና ነው። ታዲያ እንዴት ነው የሚታየው?

ከሁሉም የምወደው ጥያቄ ይሄ ነው። እውነት ነው፤ እንደ ካሜራ በብርሃን የሚያነሱት ሳተላይቶች ሐምሌና ነሐሴ ላይ ብዙ ጊዜ የሚያሳዩን ነጭ ደመና ብቻ ነው። ጎርፉ የሚመጣው ደግሞ ልክ ያን ጊዜ ነው።

መፍትሔው ራዳር ነው። የአውሮፓው ሴንቲነል-1 በራዳር ይሠራል። ራዳር የራሱን ሞገድ ወደ መሬት ይልካል፤ ተመልሶ የሚመጣውን ይቀበላል። የፀሐይ ብርሃን አይፈልግም። ሌሊትም ይሠራል። ሞገዱ ደመናን ሰንጥቆ ያልፋል።

ሞገዱ የረጋ ውሃ ላይ ሲያርፍ፣ ውሃው እንደ መስታወት ወደ ሌላ አቅጣጫ ያነጥረዋል። ወደ ሳተላይቱ የሚመለስ የለም። ስለዚህ ውሃ በምስሉ ላይ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ሻካራ መሬት፣ ቁጥቋጦና እርሻ ሞገዱን ይበታትኑታል፤ ከፊሉ ስለሚመለስ ነጣ ብለው ይታያሉ። ከጎርፉ በፊት የተነሳውንና በኋላ የተነሳውን ጎን ለጎን ታስቀምጣለህ። አዲስ የጠቆረው ጎርፍ ነው።

ነው ብል እንኳ ሁልጊዜ አይደለም። ወንጂ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። አገዳ ረጅም ነው። ከሥሩ ውሃ ቢተኛም ከላይ ቅጠሉ አለ። ሞገዱ ቅጠሉ ላይ ይቀራል፤ ወይም ውሃውን መትቶ፣ ነጥሮ አገዳውን መትቶ፣ ወደ ሳተላይቱ ይመለሳል። ያ ማሳ ውሃ ተኝቶበት ሳለ ደረቅ ይመስላል። በተቃራኒው ልሙጥ አሸዋና ሰፊ አስፋልት ውሃ ሳይሆኑ ይጠቁራሉ። ንፋስ ደግሞ ውሃውን ካናወጠው ሐይቁ ራሱ ነጣ ይላል። አዳማ ላይ ንፋስ መቼ ይጠፋል!

አንድ ጊዜ የሠራሁትን ካርታ ወንጂ አካባቢ ላሉ ገበሬዎች አሳየሁ። አንድ አባት ጣታቸውን ካርታው ላይ አሳርፈው፣ «ልጄ፣ ይሄ ደረቅ ያልከው ቦታ እኮ ውሃው እስከ ጉልበቴ ደርሶ ነበር» አሉኝ። ልክ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ቦታው ላይ የነበረ ሰው ሳልጠይቅ የጎርፍ ካርታ ከእጄ አላወጣም።

አዳማ ከተማ ውስጥ የሚገባውን ደራሽ ጎርፍስ ያሳያል?

በጥሩ ሁኔታ አያሳይም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ቅር ይለዋል።

አዳማ የተቀመጠችው ጋራ የከበበው ረባዳ ላይ ነው። ዝናቡ ጋራው ላይ ይወርዳል። አንዳንዴ ከተማው ውስጥ ጠብታ ሳይወርድ ጎርፉ ይደርሳል። ጥቂት ሰዓት ይሞላል፣ ሱቅ ይገባል፣ ባጃጅ ያስቆማል፣ ከዚያ ጭቃውን ትቶ ይሄዳል። አንድ ሴንቲነል-1 ግን ወደዚያው መስመር የሚመለሰው በ12 ቀን ነው። ሁለት ሲሆኑ ጊዜው በግማሽ ያጥራል። ያም ሆኖ ጎርፉ በመጣበት ሰዓት ከላያችን ላይ መገኘቱ ዕድል ነው። ቢገኝ እንኳ ቤቶች በተጠጋጉበት ሰፈር ሞገዱ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እየነጠረ ምስሉ ይረበሻል።

ለከተማ ጎርፍ ሳተላይትን መጠቀም ያለብን ጎርፉ ሳይመጣ፣ በጋ ላይ ነው። መነሻው የከፍታ መረጃ ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. ኢንዴቨር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር በ11 ቀን ውስጥ አብዛኛውን የዓለም መሬት ከፍታ በራዳር ለካች። ያ መረጃ በየ30 ሜትሩ አንድ የከፍታ ቁጥር ይዞ በነፃ ይገኛል። ከእሱ ተነስቶ ውሃ ከየትኛው ጋራ ወደየትኛው ሰፈር እንደሚወርድ መሳል ይቻላል። በላዩ ላይ የድሮ ምስሎችን ስትደርብበት፣ ከ20 ዓመት በፊት ቦይ የነበረ ቦታ ዛሬ ቤት ተሠርቶበት ታገኛለህ። ሽማግሌዎቹ «ውሃ የሄደበትን አይረሳም» የሚሉት ይሄንን ነው።

30 ሜትር ለመንገድ ዳር ቦይ ሰፊ ነው። የትኛው ቱቦ እንደሚደፈን አይነግርም። ለዚያ መሬት ላይ መለካት ወይም ድሮን ማብረር ያስፈልጋል። ቦታ ለመግዛት የምታስቡ ግን ቢያንስ የድሮውን ምስል ሳታዩ ገንዘብ አታውጡ። ይህን ለወንድሜም ለእህቴም የምለው ነው።

የቆቃ ውሃ ሲለቀቅ በሳተላይት አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል?

ግማሹን ይቻላል። የቆቃ ግድብ ሥራ የጀመረው በ1960 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ወዲህ አዋሽ ይዞት የመጣው ደለል የሐይቁን ቦታ እየወሰደ ነው። ውሃ የሚይዝበት ቦታ ሲጠብ ደግሞ ቶሎ ይሞላል። ሲሞላ መለቀቁ አይቀርም፤ ወንጂ፣ ቦሰት፣ ፈንታሌ፣ ከዚያም ታች አፋር ድረስ ያሉ ሰዎች ይነካሉ።

ሳተላይት ሁለት ነገር ይነግረናል። አንዱ በላይኛው አዋሽ፣ በጊንጪና በበቾ በኩል ምን ያህል እንደዘነበ ነው። ከ2014 እ.ኤ.አ. ወዲህ ጂፒኤም የተባለው የሳተላይቶች ስብስብ በየግማሽ ሰዓቱ የዝናብ ግምት ያወጣል። ሁለተኛው የሐይቁ ስፋት ነው። ስፋቱ ከሳምንት ሳምንት እየጨመረ ከሄደ መጠንቀቅ ነው።

እዚህም አንድ እንቅፋት አለ፤ እምቦጭ። ቆቃ ላይ ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ውሃው ላይ እንደ ምንጣፍ ሲነጠፍ፣ በካሜራም በራዳርም መሬት ይመስላል። የማያውቅ ሰው ሐይቁ ጠቧል ብሎ ሊጽፍ ይችላል።

በሩ የሚከፈትበትን ሰዓት ግን ሳተላይት አያውቅም። ያንን የሚያውቀው ግድቡን የሚያንቀሳቅሰው ሰው ነው። ከእሱ ወደ ወረዳው፣ ከወረዳው ወደ ቀበሌው በጊዜ የሚደወል ስልክ ከማንኛውም ምስል ይበልጣል።

የመሬት መንቀጥቀጥን አስቀድሞ ሊነግረን ይችላል?

አይችልም። ሳተላይትም ሌላ መሣሪያም ቀንና ሰዓት ቆርጦ አይነግርም። ቴሌግራም ላይ «ዛሬ ማታ በዚህ ሰዓት» የሚል ካያችሁ አታስተላልፉት። በ2017 መጀመሪያ ላይ እንዲህ ያለው ወሬ ስንቱን እናት ልጆቿን ይዛ ውጭ እንዳሳደራት አይቻለሁ።

ታዲያ ሳተላይት ምን ሠራ? ከመስከረም 2017 ጀምሮ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬት ደጋግሞ ተንቀጠቀጠ። መስከረም 26 ማታ አዲስ አበባ ድረስ ተሰማ። እኛም ጋ ብርጭቆ ተንቀጫቀጨ። ታኅሣሥና ጥር ላይ ባሰ፤ በአፋርና በኦሮሚያ በኩል በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተነሱ።

ባለሙያዎች የሴንቲነል-1ን ምስሎች እርስ በርስ አነጻጸሩ። ዘዴው እንዲህ ነው። ሳተላይቱ አንድን ቦታ በሁለት የተለያዩ ቀናት ከአንድ አቅጣጫ ያነሳል። በመካከሉ መሬቱ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ፣ የሚመለሰው ሞገድ በትንሹ ይዛነፋል። ያ ልዩነት በምስሉ ላይ እንደ ቀስተ ደመና ቀለበት ይወጣል። አንዱ ቀለበት ወደ 2.8 ሴንቲ ሜትር የሚሆን እንቅስቃሴ ነው። ቀለበቶቹን ትቆጥራለህ፤ መሬቱ ስንት እንደተንቀሳቀሰ ታውቃለህ።

ምስሎቹ ያሳዩት ከመሬት በታች ቅልጥ ዓለት በስንጥቅ ውስጥ እየተገፋ መሆኑን ነው። መንቀጥቀጡ የመጣው ከዚያ ነው። በ1998 መጀመሪያ አፋር ውስጥ ዳባሁ ላይ የሆነውም ይኸው ነበር። ያኔ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ስንጥቅ በሳምንታት ውስጥ ሲከፈት፣ ሰፊ በሆነበት ቦታ እስከ 8 ሜትር ደርሷል። ያንንም የለካው ራዳር ነው።

እንዲህ ያለ መረጃ «ነገ ይፈነዳል» አይልም። «እንቅስቃሴው በዚህ በኩል ነው፤ አልቆመም» ይላል። የትኛው መንደር መቅደም እንዳለበት፣ የትኛውን ግድብ ማየት እንደሚያስፈልግ ለመወሰን ይህ ትልቅ ነገር ነው።

እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ደግሞ ሥራው ሌላ ነው። ኅዳር 14 ቀን 2018 አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ ሲፈነዳ፣ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንና ኦማን፣ ከዚያም ፓኪስታንና ሕንድ ድረስ ሄደ። አውሮፕላኖች መንገዳቸውን የቀየሩት አመዱን ከላይ በሚከታተሉ ሳተላይቶች መረጃ ነው።

የመሬት መንሸራተትስ?

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ ላይ የደረሰውን ማንም አይረሳም። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ከሞቱት ብዙዎቹ ቀድመው የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ጎረቤቶች ነበሩ። ይህን ስጽፍ ዛሬም ያመኛል።

ሳተላይት ቁልቁለቱን፣ የደን መመንጠሩንና የዝናቡን ብዛት አገናኝቶ «ይህ ተዳፋት ያሰጋል» ሊል ይችላል። የሚናደውን ደቂቃ አይነግርም። የተንሸራተተውን አካባቢ ከደመና በታች ለማየት ግን ራዳር እንደገና ይጠቅማል፤ አዳኝ ቡድን ከመግባቱ በፊት ከጎን ያለው አፈር መላቀቅ አለመላቀቁን መመልከት ተገቢ ነው።

ድርቅስ እንዴት ይታያል?

ድርቅ ላይ ሳተላይት ከሁሉም በላይ ይሠራል፤ ምክንያቱም ድርቅ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ጤነኛ ቅጠል ቀዩን ብርሃን ይውጣል፤ ዓይናችን የማያየውን ከቀይ ቀጥሎ ያለውን ብርሃን ደግሞ ይመልሳል። የሁለቱ ልዩነት የአረንጓዴነት መለኪያ ይሆናል። ግጦሹ ከብቱን ከማክሳቱ በፊት ቁጥሩ ይወርዳል።

ለዝናቡ ቺርፕስ የሚባል መረጃ አለ። ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየ5 ኪሎ ሜትሩ ገደማ የዝናብ ግምት ይይዛል። ቦሰት ላይ የዘንድሮው በልግ ከ40 ዓመቱ አማካይ አንጻር የት እንደቆመ ማየት ትችላለህ። ከ1977ቱ ረሃብ በኋላ፣ በ1985 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ፊውስ ኔት የተባለ የረሃብ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት እንዲህ ባለው መረጃ ነው የሚሠራው። ቦረና ላይ ደግሞ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በግጦሹ አረንጓዴነት ላይ የተመሠረተ የከብት መድን አለ። ሣሩ ከተወሰነ መጠን በታች ሲወርድ አርብቶ አደሩ ካሣ ያገኛል።

ኢትዮጵያ የራሷ ሳተላይት የላትም እንዴ?

አምጥቃለች። ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ-1 ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ከቻይና ተላከች፤ 70 ኪሎ ገደማ ነበረች። በዓመቱ ሁለተኛዋ ተከተለች። ትናንሽ ሳተላይቶች ዕድሜያቸው አጭር ነው። ትልቁ ትርፍ እንጦጦ ላይ ምስል ተቀብለው መሥራት የለመዱት ልጆች ናቸው። አሁን ሥራው በስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ሥር ነው።

አደጋ ሲደርስ ምስሉን ማን ያስመጣል? ስንት ያስከፍላል?

አያስከፍልም። የአውሮፓና የፈረንሳይ የኅዋ ድርጅቶች በ1999 እ.ኤ.አ. ያቀዱት፣ ከ2000 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ የሚሠራ ዓለም አቀፍ የኅዋና የከባድ አደጋዎች ቻርተር አለ። ዛሬ የብዙ አገሮች የኅዋ ድርጅቶች ገብተውበታል። ከባድ አደጋ ሲደርስ በአገር ደረጃ የተፈቀደለት የአደጋ መሥሪያ ቤት ይጠይቃል፤ አባል ድርጅቶቹ ሳተላይቶቻቸውን ወደዚያ ያዞራሉ። ጥያቄው በቀንም በሌሊትም ተቀባይ አለው። ሴንቲነሎቹን የሚያሠራው የአውሮፓው ፕሮግራም ኮፐርኒከስም ተመሳሳይ የአስቸኳይ ካርታ አገልግሎት አለው። በተባበሩት መንግሥታት በኩል ደግሞ በ2006 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ዩኤን-ስፓይደር አገሮች ይህን ሁሉ እንዲለምዱ ያግዛል።

አንተና እኔ ቻርተሩን መጥራት አንችልም። የእኛ ድርሻ የት፣ መቼ፣ ምን እንደደረሰ ከነቦታው ልኬት ለወረዳው ቶሎ ማሳወቅ ነው። «ወንጂ በኩል ጎርፍ አለ» ከማለት፣ ስልክ ላይ ያለውን የቦታ ቁጥር መላክ ሰዓታት ያተርፋል።

ቤቴ ውስጥ ያለውን ያያሉ?

አያዩም። እንደ ካሜራ በብርሃን በሚያነሳው፣ በነፃ በሚገኘው በሴንቲነል-2 ምስል ላይ አንዱ ነጥብ 10 ሜትር በ10 ሜትር ነው። ባጃጅም ሰውም አይለይም። በገንዘብ የሚሸጡት የጠሩ ምስሎች ጣራን ያሳያሉ፤ ጣራን አልፈው ግን አያዩም።

ይህ ሁሉ መረጃ ካለ፣ ለምን በየዓመቱ እንጎዳለን?

ይህን ጥያቄ አንዲት እናት ናቸው የጠየቁኝ። ወገባቸው ድረስ የገባውን ጭቃ ከቤታቸው እየጠረጉ ነበር። መልስ ለመስጠት አፌ ተሳሰረ።

አሁን የማስበውን ልናገር። ምስሉ አልጎደለም። የጎደለው ከምስሉ እስከ እሳቸው ደጃፍ ያለው መንገድ ነው። ባለ ብዙ ቀለም ካርታዎች በፈረንጅኛ ተጽፈው፣ ከጎርፉ ሁለት ሳምንት በኋላ፣ በኢሜይል ሲመጡ አይቻለሁ። አንድ ቢሮ ውስጥ የዓመቱ የጎርፍ ሥጋት ካርታ ታትሞ፣ ተጠቅልሎ፣ ከመደርደሪያ ላይ እንደተቀመጠ ክረምቱ ሲያልፍ አይቻለሁ። ሠሪው ደክሞበታል። የደረሰው ሰው ግን የለም።

የአዳማ ሰው ኦሮምኛም አማርኛም ይናገራል። ካርታው በሁለቱም መጻፍ አለበት። «ከፍተኛ ተጋላጭነት» ከማለት «ከድልድዩ በታች ያሉ ቤቶች» ማለት ይሻላል። ትምህርት ቤቱ፣ መስጊዱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ የባጃጅ መቆሚያው ካርታው ላይ ይኑሩ፤ ሰው ቦታውን የሚያውቀው በእነሱ ነው። ሰኔ ሳይገባ የቀበሌው ስብሰባ ላይ ይዘርጋ። የጠፋውንና የተሳሳተውን ነዋሪው ራሱ በእስክሪብቶ ያርመው። ዕድሩ ማን ለማን እንደሚደውል ይወስን። የታመመ፣ አቅመ ደካማ፣ ጨቅላ ያለበት ቤት አስቀድሞ ይታወቅ።

ይህ ውድ ነገር አይደለም። ወረቀት፣ ጥቂት ከሰዓት በኋላዎችና የሚሰማ ጆሮ ነው የሚጠይቀው።

እኔ ያለኝ ስልክ ብቻ ነው። ከየት ልጀምር?

ስልክም ይበቃል፤ ኮምፒውተር ካገኘህ ይሻላል። ኮፐርኒከስ ብራውዘር የሚባለውን ድረ ገጽ ክፈት፤ ነፃ ነው። ቆቃን ፈልግ። መጀመሪያ የየካቲትን ምስል በሴንቲነል-2 አውጣ፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ቀጥለህ የመስከረም መጀመሪያን በሴንቲነል-1 አውጣ፤ ጥቁሩ ውሃ ነው። ዳታ እንዳይበላብህ ቦታውን አጥበህ ያዝ። የሐይቁ ዳርቻ የት ድረስ እንደሄደ አስተያይ። በደንብ መሥራት ካማረህ ኪውጂአይኤስ የተባለውን ነፃ የካርታ ሶፍትዌር ኮምፒውተር ላይ ጫን።

ከዚያ ያየኸውን ወንጂ ለሚኖር ዘመድህ ደውለህ ንገረው። «እዚህ ጋ ውሃ አያለሁ፤ እውነት ነው?» በለው። መልሱን ከምስሉ አጠገብ ጻፈው።